ቧንቧው ሲያንጠባጥብ አያጥብቁት፣ ይፍቱት

በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ይደፋል። ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ነው። አንዷን ጠብታ የሚሊ ሊትር ሩብ ያህል ብንቆጥራት ድምሩ 21 ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በወር ወደ 650 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ወደ 8 ሜትር ኪዩብ መሆኑ ነው። ጠብታዋ ከበድ ወይም ቀለል ስትል ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ የቢጫዋን ጀሪካን ክብደት በክንዱ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ነገሩ ያው ነው። ስሌቱን የሚጠራጠር ሰው ካለ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከቧንቧው ሥር ያስቀምጥና ሰዓቱን ይመልከት። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ አልፎ ከሞላ እኔ የምለው ቧንቧ እሱ ቤት አለ ማለት ነው።

ለመሆኑ ሕግ የተማረ ሰው ስለ ቧንቧ ጎማ ምን ያገባዋል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ መኖሬ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ በስንት ፓምፕ ተገፍቶ ጓዳችን ድረስ የመጣ ውሃ በመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ሳንቲም በምታክል ጎማ የተነሳ ወደ ፍሳሽ መስመር ይወርዳል። መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሲፈስ ስናይ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን እንወቅሳለን፤ መውቀሳችንም ተገቢ ነው። የጓዳችን ግን የእኛው ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ ብዙ የአከራይና ተከራይ ኩርፊያ፣ ብዙ የላይና የታች ጎረቤት ጠብ ሲመረመር ሥሩ የሚገኘው እዚሁ ጎማ ላይ መሆኑ ነው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በአማርኛችን «ቧንቧ» የምንለው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውንም መስመር፣ የምንከፍተውንና የምንዘጋውንም ዕቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቧንቧ ስል መክፈቻና መዝጊያውን ማለቴ ነው፤ የተቀበረውን መስመር እላለሁ።

ታዲያ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናጠብቀዋለን። ጠብታው ያቆማል። በሳምንቱ እንደገና ይጀምራል፤ ትንሽ ጨመር አድርገን እናጠብቃለን። በሦስተኛው ወር ቧንቧውን የሚዘጋው የቤቱ ጉልበተኛ ብቻ ይሆናል፤ ልጆችና አረጋውያን ከፍተው መዝጋት ያቅታቸዋል። በመጨረሻ አንድ ቀን መክፈቻው ዝም ብሎ መሽከርከር ይጀምራል። ሙሉ ቧንቧ የሚገዛው ያኔ ነው። መነሻው ግን አንዲት ርካሽ ጎማ ነበረች። በአጭሩ፣ ማጥበቅ ብልሽቱን ከጎማው ወደ ነሐሱ ማዛወር ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ይህ እንዲገባን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። በየቤታችን፣ በየግቢያችን የሚገኘው ተለምዷዊው ቧንቧ በጣም ቀላል መሣሪያ ነው። መክፈቻውን ስናዞር ጥርስ የወጣለት ዘንግ ይወርዳል ወይም ይወጣል። በዘንጉ ጫፍ ክብ ጎማ አለች። ከጎማዋ ሥር ውሃው የሚመጣበት ክብ ቀዳዳ አለ፤ የቀዳዳው ከንፈር መቀመጫ ይባላል። ጎማዋ መቀመጫው ላይ ስታርፍ ውሃው ይቆማል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህ አሠራር በእንግሊዝ አገር ሮዘራም በምትባል ከተማ ጌስት ኤንድ ክራይምስ በተባለ የነሐስ ፋብሪካ ስም የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ከዚያ ወዲህ መልኩ እንጂ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም።

ጎማዋ ለስላሳ እንድትሆን የተደረገው በቀላል ግፊት ቀዳዳውን እንድትደፍን ነው። ጤነኛ ቧንቧ በሁለት ጣት ይዘጋል። ጎማዋ ስታረጅ ትደርቃለች፤ የመቀመጫው ከንፈርም መሐሏ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ይቆፍርባታል። በዚህ ላይ ጉልበት ስንጨምር ጉድጓዱ ይጠልቃል። ከዚህ የባሰው ግን አሸዋው ነው። ከመስመሩ የመጣች አንዲት የአሸዋ ወይም የዝገት ቅንጣት ጎማዋና መቀመጫው መሐል ስትገባ፣ እኛም ከላይ አጥብቀን ስንጫናት፣ የነሐሱን ከንፈር ትሰነጥረዋለች። ከንፈሩ አንዴ ከተሰነጠረ አዲስ ጎማ ቢገባም በስንጥሩ በኩል ውሃ ሾልኮ ይወጣል። «ጎማውን ቀይሬው ነበር፣ ግን እንደገና አንጠባጠበ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ችግሩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በአንድ እጀታ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሠራው ሚክሰር ነው። በአዳዲስ አፓርትመንቶችና በታደሱ ቤቶች የተለመደ ሆኗል። አንድ እጀታ ያለውን ቧንቧ ያሰበው አልፍሬድ ሞን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1937 ትኩስ ውሃ እጁን ካቃጠለው በኋላ ነው ይባላል፤ ገበያ ላይ የዋለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በዛሬዎቹ ሚክሰሮች ውስጥ ጎማ የለበሰ ዘንግ የለም። በምትኩ ካርትሪጅ የሚባል ሲሊንደር ውስጥ ሁለት የሴራሚክ ሰሌዳዎች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ቀዳዳውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ይህን ዓይነቱን ማጥበቅ ትርጉም የለውም፤ የሚጠብቅ ነገር የለውምና። እጀታውን በኃይል የሚጫን ሰው የሚሰብረው እጀታውን ነው።

ከየት ነው የሚወጣው?

መፍቻ ከማንሳት በፊት ውሃው ከየት እንደሚወጣ ማየት ይገባል። ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጎማዋ ወይም መቀመጫው፣ በሚክሰር ላይ ደግሞ ካርትሪጁ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ብቻ ከመክፈቻው ሥር፣ ከአንገቱ በኩል የሚወጣ ከሆነ የዘንጉ ዙሪያ ማሸጊያ አልቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ፣ እዚህ ላይ ብቻ፣ ማጥበቅ ይሠራል፤ አንገቱ ላይ ያለውን ትንሽ ብሎን የአንድ ዙር ሩብ ያህል ወደ ቀኝ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ብሎኑን ፈትቶ በዘንጉ ዙሪያ ቴፍሎን መጠምጠም ነው። ውሃው ቧንቧው ግድግዳው ላይ ከተገጠመበት ቦታ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ጥርሱ ላይ አዲስ ቴፍሎን ወይም ቃጫ መጠምጠም ይጠይቃል። የጠመጠሙት ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲያጠብቁት ተገፎ ይወጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው እንግሊዝ መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ አሮጌ ጨርቅና ጎማዋ ናት። ለጀማሪ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ውሃውን መዝጋት ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው መመሪያ ሁሉ «ዋናውን ቫልቭ ዝጋ» ይላል። እዚህ አገር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ብዙዎቻችን ሁለት የውሃ ምንጭ አለን፤ አንዱ ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር፣ ሌላው ጣራ ወይም ማማ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ነው። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዘግተው ቧንቧውን ሲፈቱ የሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ግድግዳውን ሊያጥበው ይችላል። ስለዚህ ከሮቶው ሥር ያለውንም ቫልቭ ይዝጉ። ከመታጠቢያው ሥር ለብቻው መዝጊያ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው፤ እሱን መዝጋት በቂ ነው። ብዙ ግንበኞች ይህችን ትንሽ መዝጊያ ለቁጠባ ሲሉ ይዘሏታል። ቤት የሚያሠራ አንባቢ ካለ ይህችን አያስዘልል፤ በኋላ አንዲት ቧንቧ ለመጠገን የሙሉ ቤት ውሃ ከመዝጋት ትገላግለዋለች። የሚፈታው የሙቅ ውሃው በኩል ከሆነ ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ማጥፋት ግድ ነው፤ ውሃ የሌለው ቦይለር ሲሠራ ይቃጠላል።

ቀጥሎ ቧንቧውን ከፍተው የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ይጠብቁ። የመታጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ይድፈኑ፤ ትንሿ ብሎን እዚያ ከገባች ሌላ ሥራ ነው። መክፈቻው ላይ ያለችውን ቀይ ወይም ሰማያዊ ክዳን በካቻቪቴ ጫፍ ያንሱ፤ ከሥሯ ብሎን አለች። እሷን ሲፈቱ መክፈቻው ይወጣል። ከሥሩ ባለ ስድስት ማዕዘን አንገት ታገኛላችሁ። ይህን በእንግሊዝ መፍቻ ወደ ግራ ይፍቱ። ኒኬሉ እንዳይላጥ ጨርቅ ያልብሱት። አንድ እጅ መፍቻውን ሲገፋ ሌላው እጅ የቧንቧውን አካል አጥብቆ መያዝ አለበት። ካልተያዘ ኃይሉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ያረጀ የብረት መስመር ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ሊሰበር ይችላል። እዚያ ላይ የቤት ውስጥ ጥገና አብቅቶ ግድግዳ ማፍረስ ይጀምራል። በመጠነኛ ኃይል አልፈታ ያለውን ትቶ ባለሙያ መጥራት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አንገቱ ሲወጣ ጎማዋ ጫፉ ላይ ትታያለች። በትንሽ ብሎን ወይም በመገፋት ብቻ የተያዘች ናት። ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ። «የግማሽ ኢንች» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የውፍረቷና የስፋቷ ልዩነት ብዙ ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ውስጥ አሮጌዋን ከአዲሷ ላይ ደርቦ ከማየት የተሻለ መለኪያ የለም። በየሰፈሩ አንዳንድ ጠጋኞች ጎማዋን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ወይም ከነጠላ ጫማ ሶል ቆርጠው ይሠሯታል። ይህን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቅም። በትክክል ክብ ሆና ከተቆረጠች ለወራት ትሠራለች። ከጫማ ሶል የተቆረጠችው ግን ቶሎ ትጨፈለቃለች፤ ሙቅ ውሃም አትችልም። ሱቅ ከተዘጋና ነገሩ ከቸኮለ ደግሞ አሮጌዋን ገልብጦ መልሶ መግጠም ይቻላል፤ ያልተቆፈረው ጀርባዋ ለጥቂት ሳምንት ያገለግላል።

አዲሷን ከመግጠም በፊት ጣትን ወደ ውስጥ አስገብቶ የመቀመጫውን ከንፈር መዳሰስ ያስፈልጋል። ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው። ጣት የሚይዝ ስንጥር ወይም ጉድጓድ ካለው አዲስ ጎማ ብቻውን አያድነውም። ከንፈሩን የሚያስተካክል የእጅ መሳያ መሣሪያ አለ፤ ሁለትና ሦስት ዙር ሲሽከረከር ነሐሱን ያለሰልሰዋል። በየቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ አንዳንድ ቧንቧ ሠራተኞች ግን አላቸው። መቀመጫው በጣም ከተበላ ቧንቧውን መቀየር ይረክሳል።

ስንመልሰው ዘንጉን በከፊል ወደ ላይ አውጥተን፣ ማለትም ቧንቧውን በከፊል ከፍተን ነው አንገቱን የምናስገባው። ተዘግቶ ከገባ አዲሷ ጎማ ገና ከመነሻዋ መቀመጫው ላይ ትጨፈለቃለች። የመኪና ግሪስ ጎማዋ ላይ መቀባት ጥፋት ነው፤ ነዳጅ ዘመድ ቅባት ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል፤ የምንጠጣው ውሃም በዚያው የሚያልፍ ነው። አንገቱን በእጅ እስከሚሄድበት አጥብቆ በመፍቻ ትንሽ መጨመር ይበቃል። ከዚያ ውሃውን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ አየሩና ቆሻሻው እስኪወጣ ቧንቧውን ክፍት መተው፣ በመጨረሻም በሁለት ጣት መዝጋት።

በሚክሰሩ ላይ ሥራው አጭር ነው። እጀታውን የያዘችው ትንሽ ብሎን ከቀለም ክዳኗ ሥር ተደብቃለች፤ ብዙውን ጊዜ በትንሽ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ነው የምትፈታው። እጀታውና ጌጡ ሲወጡ ካርትሪጁን የያዘው ትልቅ ቀለበት ይታያል፤ እሱን ፈትቶ ካርትሪጁን ማውጣት ነው። ወዲያው ወደ ሱቅ አይሩጡ። ብዙ ጊዜ ሰሌዳዎቹ አልተሰበሩም፤ ከሥሩ ባሉት ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ላይ ጥቂት አሸዋ ተቀምጦ ነው። አጥቦ መመለስ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ካልበቃ ካርትሪጁን ይዞ መሄድ፤ የተለመዱት 35 እና 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው፤ ግን ከሥር ያሉት ቀዳዳዎችና ጥርሶች ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። ሚክሰር ለመግዛት ላሰበ ሰው የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውበቱ ሳይሆን «የዚህ ካርትሪጅ ለብቻው ይገኛል ወይ?» ብሎ ይሁን። የማይገኝ ከሆነ የገዛው የሚጣል ዕቃ ነው።

ፈረቃው የሚያደርሰው

የእኛን ቧንቧዎች ከሌላው ዓለም ቧንቧዎች ቶሎ የሚጨርሳቸው የፈረቃው ሥርዓት ነው ብል አላጋነንኩም። ውሃ ሲቋረጥ መስመሩ ባዶውን ይቀራል፤ የብረት መስመሩ ውስጥ ያለው ዝገት ይደርቃል፤ ከተሰነጠቁ ቦታዎች አፈር ይገባል። ውሃው ሲመለስ ይህን ሁሉ እየገፋ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ለምን ቡናማ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ያን ውሃ መጀመሪያ በሚክሰሩ መቀበል ካርትሪጁን በአሸዋ ወረቀት እንደመፈተግ ነው። ይልቅ ግቢ ውስጥ ያለውን፣ ዝቅ ብሎ የሚገኘውንና ርካሹን ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ መጠበቅ ይገባል፤ በባልዲ ከተቀበሉት ለአትክልትና ለወለል ይሆናል። በቧንቧዎች አፍ ላይ የምትገጠመው ወንፊትም በየጊዜው ተፈትታ መታጠብ አለባት። ብዙ ሰው «ውሃው ኃይል አጣ» የሚለው ወንፊቷ በአሸዋ ስለተደፈነች ነው።

ሌላው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው «ቀን ደህና የነበረ ቧንቧ ሌሊት ለምን ያንጠባጥባል?» የሚለው ነው። ሌሊት ከተማው ሲተኛ ተጠቃሚው ይቀንሳል፤ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል። የውሃ ግፊት ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረው ግፊት አንድ ባር ያህል ነው። ሮቶው ከቧንቧው በአራት ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚያደርሰው ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። የከተማው መስመር ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ያረጀች ጎማ የሮቶውን ውሃ ችላ የመስመሩን ትለቃለች። ቧንቧዎ የሚያንጠባጥበው ውሃ በሚመጣበት ቀን ብቻ ከሆነ ጎማዋ ሙሉ በሙሉ እስክታልቅ ጊዜ አለዎት ማለት ነው፤ ቀን ግን ቢቆርጡላት ጥሩ ነው።

ከፈረቃው አደጋዎች ትልቁ ግን የተከፈተ ቧንቧ ነው። ውሃ የለም፤ አንዱ ቧንቧውን ከፍቶ ይሞክራል፤ ጠብ አይልም፤ ሳይዘጋ ይሄዳል። ውሃው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። የመታጠቢያው ቀዳዳ በዕቃ ተደፍኖ ከሆነ ወለሉ ይሞላል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ የሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ ይበሰብሳል።

ማን ይክፈል?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 ላይ ያስቀመጠው መርህ ግልጽ ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል። ቧንቧ ከፍቶ መሄድ ቸልተኝነት ነው፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። «ውሃው መምጣቱን አላወቅሁም» የሚለው መከላከያ በእኔ ግምት አያስኬድም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሚኖር ሰው አንድ ሰዓት ላይ መምጣቱ እንደማይቀር ያውቃልና። ፍሳሹ የመጣው ከጋራ መስመር ከሆነ ነገሩ ይለያል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የግል የሆነውና የጋራ የሆነው የሚለየው በሕንፃው መግለጫና በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከጎረቤት ጋር ከመጨቃጨቅ በፊት ያንን ሰነድ ማንበብ ብዙ ቃላት ያስቀራል።

የአከራይና ተከራይ ጉዳይ የበለጠ ያስደስተኛል፤ ሕጉ ብልህ ስለሆነ። ተዋዋዮቹ በውላቸው ካልወሰኑት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቤት ኪራይ ክፍሉ ትልልቁን ጥገና በአከራዩ፣ በየዕለቱ አገልግሎት የሚመጡትን ጥቃቅን ጥገናዎች በተከራዩ ላይ ይጥላል። ሆኖም ብልሽቱ በእርጅና ብቻ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል የመጣ ከሆነ ተከራዩ አይገደድም። ይህን በቧንቧችን ላይ እንተርጉመው። ጎማዋ ከሰው ጥፋት ሳይሆን ከዘመን ብዛት ደርቃ ካለቀች እርጅና ነው፤ ተከራዩ በዚህ ሊከራከር ይችላል። ተከራዩ ለወራት በጉልበት እያጠበቀ የዘንጉን ጥርስ ከበላው ግን ይህ እርጅና አይባልም፤ የእሱ አያያዝ ያመጣው ነው። ማጥበቁ ብልሽቱን ከጎማው ወደ ነሐሱ ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ከአከራዩ ወደ ተከራዩ አዛወረው ማለት ነው። ቧንቧው ማንጠባጠብ በጀመረበት ሳምንት ለአከራዩ በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት፣ ቀኑን ጠቅሶ ማሳወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ስለሚያስገድድ፣ «ጥቃቅን የቧንቧ ጥገና በእገሌ ወጪ» የምትል አንዲት መስመር መጨመር አሁን ቀላል ሆኗል። ባለ አራት ገጽ ውል አይቼ ስለ ውሃ አንድም ቃል የሌለበት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ባለሙያ መጥራት ያስፈለገ እንደሆነ የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ መነጋገር፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ማየት ተገቢ ነው። ነገር ግን «አንዲት ጎማ ለመቀየር ይህን ያህል?» የሚለው ክርክር አይጥመኝም። እኛ ለአንዲት ገጽ ማመልከቻ የምንጠይቀውን እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ ሰው በእጅ ሙያው የተነሳ እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ለቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ያስገቡትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። አዋጁ ስድቡን ቀንሶት ይሆናል፤ ዲግሪ ያለው ሰው ፒንሳ ሲይዝ ጎረቤት የሚያየው አስተያየት ግን ገና አልተሻረም።

ጥገናው ሲያልቅ አንድ ፍተሻ ይቀራል። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው፣ ሮቶውም መሙላቱን አረጋግጠው ቆጣሪው ጋ ይሂዱ። ቆጣሪው ፊት ላይ በትንሽ ፍሰት እንኳ የምትሽከረከር ትንሽ መዘውር አለች። ቆማ ከሆነ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው መስመርዎ ደህና ነው። የምትዞር ከሆነ አንድ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው፤ ከሮቶው ወዲህ ያለው ፍሳሽ ግን ቆጣሪው ላይ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል ለብቻው መፈተሽ አለበት። መጀመሪያ የሮቶው ተንሳፋፊ መዝጊያ ሞልቶ እየፈሰሰ እንዳይሆን፣ ቀጥሎ የሽንት ቤቱን ውሃ ማጠራቀሚያ ይመልከቱ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት የተጠለለ ቡና ጨምረው ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሳይለቁት መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከታየ ከሥር ያለው ጎማ እያሳለፈ ነው። ይህ ድምፅ የሌለው ፍሳሽ ስለሆነ ከሚንጠባጠበው ቧንቧ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ሊወስድ ይችላል፤ ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሜትር ኪዩቡን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው መዘውሯ አሁንም ከዞረች መስመሩ ከመሬት ሥር እያፈሰሰ ነውና፣ ከሮቶው በፊት ያለውን ቫልቭ ዘግተው እንደገና ይመልከቱ። ያኔም ካልቆመች ፍሳሹ በቆጣሪውና በቫልቩ መሐል ነው፤ መቆፈር የሚጀመረውም ከዚያ ነው።